ብድር በመያዣ ወይስ ያለመያዣ? ከመፈረም በፊትና በኋላ የሚሠራው ሥራ

መያዣ ዕዳ አይከፍልም። ዕዳ የሚከፈለው በየወሩ ከሚገባ ገንዘብ ነው፤ የመያዣ ሥራ ያ ገንዘብ ሲቋረጥ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚያርፍ መወሰን ነው። ልምድ ያለው የብድር ባለሙያም ማመልከቻ ሲመረምር መጀመሪያ የገቢውን ምንጭ ያያል፣ ወደ መያዣው የሚሄደው ቀጥሎ ነው። ተበዳሪው ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ገልብጦ “ይህን ያህል የሚያወጣ ቤት አለኝ፣ ስለዚህ ይህን ያህል እበደራለሁ” ብሎ ይነሳል። ብዙ ጣጣ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከገቢ ተነስቶ ወደ መያዣ ይሄዳል። በምሳሌዎቹ ውስጥ የምንዛሪ ስም አልተጻፈም፤ አኃዞቹን በሚበደሩበት ገንዘብ ያንብቧቸው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የጊዜ ገደቦችንና የምዝገባ ቦታዎችን በሚኖሩበት አገር ሕግ ያረጋግጡ።

1ኛ ደረጃ፦ የቀረበልዎ ብድር የትኛው እንደሆነ ይለዩ

በመያዣ የሚሰጥ ብድር ሁለት ውሎች አሉት። አንደኛው የብድር ውል ነው፤ ምን ያህል ተበድረው፣ በስንት ወለድ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመልሱ የሚናገር። ሁለተኛው የመያዣ ውል ነው፤ አንድ ተለይቶ የታወቀ ንብረት፣ ለምሳሌ ቤት፣ ተሽከርካሪ፣ ማሽን ወይም ተቀማጭ ገንዘብ፣ ለዚያ ዕዳ መጠበቂያ መሆኑን የሚገልጽ። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ሲያነቡ ግን ለያይተው ያንብቧቸው።

የመያዣ መብት ሁለት ጉልበት አለው። ንብረቱ ለሌላ ሰው ቢሸጥም መብቱ በአግባቡ ከተመዘገበ ንብረቱን ተከትሎ ይሄዳል። ተበዳሪው ብዙ ዕዳ ጠያቂዎች ካሉበት ደግሞ ባለመያዣው ከንብረቱ ሽያጭ ከሌሎቹ ቀድሞ ይወስዳል። ያለመያዣ ያበደረው የሚካፈለው ከዚያ የተረፈውን ነው፣ ከተረፈ።

“ያለመያዣ” ማለት ግን “ንብረቴ አይነካም” ማለት አይደለም። ያለመያዣ ያበደረ ሰው ከሶ ካሸነፈ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ደመወዝ ሊያስቆርጥ፣ የባንክ ሂሳብ ሊያሳግድ፣ ንብረት ሊያስሸጥ ይችላል። ባለመያዣው አስቀድሞ የያዘው ነገር አለው፤ ይህኛው ክስ መመሥረትና ፍርድ ማግኘት ይቀረዋል። በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ የግል ብድር፣ ክሬዲት ካርድና አብዛኛው የትምህርት ብድር በዚህ ወገን ይመደባሉ።

በመካከል ደግሞ የዋስ ብድር አለ። ንብረት አይያዝም፤ “ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ” የሚል ሰው ይፈርማል። ዋስ ከመሆንዎ ወይም ሰው ከመለመንዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፦ አበዳሪው መጀመሪያ ዋናውን ተበዳሪ መጠየቅ አለበት ወይስ በቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል? ውሉ “በአንድነትና በነጠላ” የሚል ከሆነ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳያሳድድ ሙሉውን ዕዳ ከዋሱ ሊጠይቅ ይችላል። ዋሶች ብዙ ጊዜ የሚደነግጡት ይህን መስመር ሳያነቡ በመፈረማቸው ነው። መያዣ የሌላቸውን ሰዎች በቡድን አደራጅቶ ማበደርም ሌላው መንገድ ነው፤ በባንግላዴሽ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ባንክ ሆኖ የተቋቋመው ግራሚን የታወቀው አምስት አምስት ሆነው ለተደራጁ ተበዳሪዎች ያለ ንብረት መያዣ በማበደር ነው።

አበዳሪው ለምን ዋጋ ይለያያል?

ደረጃ ባይሆንም፣ ይህን ሳያውቁ ስለ ወለድ መደራደር አይቻልም። አበዳሪው የሚያሰላው ሁለት ነገር ነው፦ ተበዳሪው የማይከፍልበት ዕድል ስንት ነው? ካልከፈለስ ከ100 ውስጥ ስንቱን አስመልሳለሁ? ለምሳሌ ከመቶ ተበዳሪ አምስቱ አይከፍሉም ብሎ ቢገምት፣ ያለመያዣ ካበደረው ላይ 30 በመቶውን ብቻ የሚያስመልስ ከሆነ የሚጠብቀው ኪሳራ ከ100 ላይ 3.5 ነው። በመያዣ አበድሮ 80 በመቶውን የሚያስመልስ ከሆነ ኪሳራው 1 ብቻ ይሆናል። የ2.5 ልዩነቱ ወለድ ላይ ይጨመራል።

የቁጥጥር ሕግም ወደዚያው ይገፋል። ባንኮች ሊይዙት የሚገባውን ካፒታል፣ ማለትም የራሳቸውን ገንዘብ፣ የሚመለከተውና በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፉ የባዝል 2 ስምምነት በመደበኛው ስሌቱ በመኖሪያ ቤት ለተያዘ ብድር 35 በመቶ፣ ለተራ የግለሰብ ብድር 75 በመቶ የስጋት ክብደት (በካፒታል ስሌቱ ውስጥ የሚቆጠረው የብድሩ እጅ) ይሰጥ ነበር። ዝቅተኛው የካፒታል መጠን 8 በመቶ ስለነበር፣ ባንኩ ለእያንዳንዱ 100 ብድር በመጀመሪያው 2.8፣ በሁለተኛው 6 ካፒታል መያዝ ይጠበቅበት ነበር። ካፒታል ደግሞ ውድ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ መያዣ የሚቀንሰው አበዳሪው የሚያጣውን እንጂ እርስዎ መክፈል የማይችሉበትን ዕድል አይደለም። ያ ዕድል በገቢዎ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ ያስሉ

እጅዎ የሚገባውን የተጣራ ገቢ ይጻፉ። ትርፍ ሰዓት፣ ጉርሻና አልፎ አልፎ የሚመጣ ገንዘብ አይቆጠርም። ገቢዎ ከወር ወር የሚለዋወጥ ከሆነ አማካዩን ትተው ካለፉት 12 ወራት ውስጥ ዝቅተኛ የሆኑትን የሦስቱን ወራት አማካይ ይውሰዱ። ከዚያ ላይ የቤተሰብ ወጪን፣ አሁን ያሉብዎትን ዕዳዎችና ለድንገተኛ ጉዳይ የሚቀመጠውን ይቀንሱ። የሚቀረው ጣሪያዎ ነው። ዕዳዎቹ ሁሉ ተደምረው ከተጣራ ገቢ አንድ ሦስተኛ ገደማ ባይበልጡ ይመረጣል፤ አበዳሪዎች ከዚህ በላይ ሊፈቅዱ ይችላሉ፣ መፍቀዳቸው ግን ምቾትዎን አያረጋግጥም።

ወርሃዊ አቅምዎን ወደ ብድር መጠን ለመለወጥ በሚከተሉት ቁጥሮች ያባዙት። ዓመታዊ ወለዱ 12 በመቶ ሲሆን ለ12 ወር 11.26፣ ለ24 ወር 21.24፣ ለ36 ወር 30.11፣ ለ60 ወር 44.96። ወለዱ 18 በመቶ ሲሆን በቅደም ተከተል 10.91፣ 20.03፣ 27.66 እና 39.38። በወር 8,000 መክፈል የሚችል ሰው በ12 በመቶ ለ36 ወር 240,000 ገደማ ይችላል፤ በ18 በመቶ 221,000 ገደማ።

ከዚያ ሂሳቡን ያስጨንቁት። ገቢዎ በ20 በመቶ ቢቀንስ መክፈል ይችላሉ? ወለዱ ተለዋዋጭ ከሆነና በ3 የመቶኛ ነጥብ ቢጨምርስ? መልሱ “አልችልም” ከሆነ የሚበደሩትን መጠን ይቀንሱ ወይም ጊዜውን ያራዝሙ። ይህን ሳያደርጉ ቤት ማስያዝ ክፍተቱን በቤቱ መድፈን ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ሁለቱን ብድሮች በሙሉ ወጪያቸው ያወዳድሩ

በመያዣ የሚሰጥ ብድር ወለዱ ያንሳል፣ ግን ራሱን የቻለ ወጪ አለው፦ የግምት ክፍያ፣ የውል ማረጋገጫና የምዝገባ ክፍያ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ኢንሹራንስ፣ በመጨረሻም የስረዛ ክፍያ። እነዚህ ብድሩ ትንሽ ቢሆንም ትልቅ ቢሆን ብዙም አይለዋወጡም። ስለዚህ ትንሽና አጭር ብድር ላይ ይከብዳሉ።

ሁለት ምሳሌ እንይ። ግምትና ምዝገባ በአንድ ላይ 7,000፣ ኢንሹራንስ በዓመት 5,000 ነው እንበል።

300,000 ለ36 ወር፦ በ12 በመቶ ወርሃዊ ክፍያው 9,964፣ በ18 በመቶ 10,846 ነው። በሦስት ዓመት ልዩነቱ 31,700 ገደማ ይሆናል። የመያዣው ወጪ 7,000 እና ሦስት ጊዜ 5,000፣ ማለትም 22,000 ነው። መያዣው ያዋጣል፣ ትርፉ ግን ወለዱን ብቻ ያየ ሰው እንደሚያስበው አይሰፋም።

100,000 ለ12 ወር፦ በ12 በመቶ ጠቅላላ ወለዱ 6,619፣ በ18 በመቶ 10,016 ነው። ልዩነቱ 3,400 ገደማ ብቻ ሲሆን የመያዣው ወጪ 12,000 ነው። ያለመያዣ መበደሩ ይረክሳል፣ ንብረትም ነፃ ሆኖ ይቀራል።

ካልኩሌተር በእጅ ከሌለ በግምት ለማወቅ፣ የብድሩን መጠን በዓመቱ ብዛትና በወለዱ ልዩነት አባዝተው ለሁለት ይካፈሉ። ውጤቱ ትንሽ ያሳንሳል እንጂ አያሳስትም። ከመያዣው ወጪ ካነሰ መያዣ አያስፈልግዎትም።

ሌላ ወጥመድ፦ ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመነሻው ገንዘብ ላይ? 100,000 ለአንድ ዓመት በ12 በመቶ በመነሻው ገንዘብ ላይ ከተሰላ ወለዱ 12,000፣ ወርሃዊ ክፍያው 9,333 ይሆናል። እየቀነሰ በሚሄደው ዕዳ ላይ ከተሰላ ግን ወርሃዊ ክፍያው 8,885 ነው። የመጀመሪያው “12 በመቶ” ተብሎ ቢጠራም በሁለተኛው ስሌት 21.5 በመቶ ገደማ ነው። የመክፈያ ሰንጠረዡን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እያንዳንዱ ወር ላይ ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና ቀሪው ዕዳ ተለያይተው መታየት አለባቸው። ሰንጠረዥ ለመስጠት የሚያንገራግር አበዳሪ ራሱ መልስ ሰጥቷል።

4ኛ ደረጃ፦ ምን እንደሚያስይዙ ይምረጡ

ጥሩ መያዣ ባለቤቱ በማያሻማ ሰነድ የሚታወቅ፣ ዋጋው በቶሎ የማይወርድ፣ ገዢ የማይቸግረው፣ ከሌላ ንብረት ተለይቶ የሚታወቅና ኢንሹራንስ የሚገባለት ነው። አበዳሪዎች ለእያንዳንዱ ዓይነት ከዋጋው ላይ የተወሰነ እጅ ብቻ ያበድራሉ። እንደ አበዳሪው ቢለያይም፣ በተቀማጭ ገንዘብ ላይ 90 በመቶና ከዚያ በላይ፣ በመኖሪያ ቤት ላይ ከ60 እስከ 80፣ በተሽከርካሪ ላይ ከ50 እስከ 80፣ በማሽን ላይ ከ40 እስከ 60፣ በሸቀጥ ክምችት ላይ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በታች የተለመደ ነው። ተሰብሳቢ ሂሳብም (ደንበኞች ገና ያልከፈሉት ገንዘብ) ይያዛል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይከፈል የቆየው ግን ከስሌቱ ይወጣል። ይህ ጥምርታ፣ ማለትም ከንብረቱ ዋጋ ላይ የሚበደረው እጅ፣ የሚወርደው አበዳሪው ንብረቱን በችኮላ ለመሸጥ የሚገደድበትን ቀን አስቦ ነው።

ከተቻለ ብድሩን የሚሸፍነውን ትንሹን ንብረት ያስይዙ። 200,000 ለመበደር 3,000,000 የሚያወጣ ቤት ማስያዝ ለአበዳሪው ምቾት ነው፤ ለእርስዎ ግን ቀሪው 2,800,000 አብሮ ይታሰራል፣ ነገ ሌላ ብድር ቢያስፈልግ በዚያ ቤት ላይ ለመበደር ያስቸግራል። አበዳሪው “ለመተማመን” ሁለት ንብረት ቢጠይቅ፣ ለምን አንዱ እንዳልበቃ በቁጥር እንዲያስረዳ ይጠይቁት።

በብድሩ የሚገዛውን ዕቃ ራሱን ማስያዝ በአብዛኛው የተሻለው መንገድ ነው። ማሽኑ ሥራ ሠርቶ ራሱን ይከፍላል፤ ካልሠራም የሚሄደው እሱው ነው። ተሽከርካሪ ላይ ግን ይጠንቀቁ። 500,000 የሚያወጣ መኪና 10 በመቶ ከፍለው 450,000 ለ60 ወር በ12 በመቶ ቢበደሩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ቀሪው ዕዳ 380,000 ገደማ ነው። መኪናው በዚያ ዓመት ሩብ ዋጋውን ካጣ 375,000 ብቻ ያወጣል። ሸጠው መገላገል አይችሉም ማለት ነው። መድኃኒቱ ቅድመ ክፍያውን ከፍ ማድረግ ወይም ጊዜውን ማሳጠር ነው።

የሌላ ሰው ንብረት፣ የወላጅ ወይም የወንድም ቤት፣ ለእርስዎ ብድር ሊያዝ ይችላል። ያ ሰው ተበዳሪ አይደለም፣ ንብረቱ ግን ሊሸጥ ይችላል። ውሉ ላይ ኃላፊነቱ በንብረቱ ዋጋ ብቻ የተወሰነ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ አለበለዚያ መያዣ ሰጪም ዋስም ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

5ኛ ደረጃ፦ ግምቱ ከመሠራቱ በፊት ሰነድና ንብረት ያስታርቁ

ገማቹ ሁለት ዋጋ ያወጣል፦ የገበያ ዋጋና በግዴታ ሲሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ። ሁለተኛው ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ጊዜ አጭር ነው፣ ገዢውም ሻጩ መገደዱን ያውቃል። አበዳሪው ጥምርታውን በየትኛው ላይ እንደሚያሰላ ይጠይቁ። 1,000,000 የገበያ ዋጋ ላይ 70 በመቶ 700,000 ነው፤ 750,000 በሆነ የግዴታ ሽያጭ ዋጋ ላይ ግን 525,000። ሁለቱም አበዳሪዎች “70 በመቶ እናበድራለን” ይላሉ።

ግምት የሚዘገየው ወይም የሚወድቀው በአብዛኛው ሰነዱና መሬት ላይ ያለው ነገር ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል አይገመትም፣ አንዳንዴም ሙሉውን ያሳግዳል። የቦታው ስፋት በሰነዱ ላይ አንድ፣ በልኬት ሌላ ሆኖ ይገኛል። የመኪናው የሻንሲ ወይም የሞተር ቁጥር ከመታወቂያ ደብተሩ ጋር በአንድ አኃዝ ይለያያል። የባለቤቱ ስም አጻጻፍ በመታወቂያውና በባለቤትነት ሰነዱ ላይ አይመሳሰልም። እነዚህን ገማቹ ከመምጣቱ በፊት ያስተካክሉ፤ ከመጣ በኋላ ማስተካከል ሁለተኛ የግምት ክፍያ ሊያስከትል ይችላል። የግምት ሪፖርቱን ቅጂ ይጠይቁ፣ የከፈሉበት እርስዎ ነዎትና።

6ኛ ደረጃ፦ ፈቃድና ምዝገባ

ንብረቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛም ሆነ ሌላ ባለድርሻ መፈረም አለበት። “በኋላ ታመጣዋለህ” የሚል አበዳሪ ካለ ያቁሙት፤ ያልፈረመ ባለድርሻ ውሉን በፍርድ ቤት ሊያፈርሰው ይችላል፣ በመሃል የሚንገላታውም ቤተሰቡ ነው።

የመያዣ መብት በሦስተኛ ወገን ላይ እንዲጸና በሚመለከተው መዝገብ መግባት አለበት፤ ቤት በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ፣ ተሽከርካሪ በራሱ መዝገብ፣ ሌላው የሚንቀሳቀስ ንብረት ብዙ አገሮች ውስጥ ለዚሁ በተቋቋመ መዝገብ። ቀዳሚነት የሚወሰነው በአብዛኛው በተመዘገበበት ቀንና ሰዓት ነው። አንድ ቤት 800,000 ተሸጦ መጀመሪያ የተመዘገበው አበዳሪ 600,000፣ ሁለተኛው 300,000 ቢጠይቁ፣ የሽያጭ ወጪ ሳይታሰብ ለሁለተኛው የሚተርፈው 200,000 ነው። የጎደለውን 100,000 እርስዎን ነው የሚጠይቀው። በአንድ ንብረት ላይ ሁለተኛ ብድር ውድ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ያገለገለ መኪና ወይም ቤት ሲገዙም ይኸው መዝገብ ይጠቅምዎታል። ዋጋ ከመክፈልዎ በፊት ካላዩት የሌላ ሰው ዕዳ አብሮ ሊመጣ ይችላል።

7ኛ ደረጃ፦ ውሉን ከእነዚህ አንቀጾች ጀምረው ያንብቡ

ሙሉውን ማንበብ ግዴታ ነው፤ ግን ዓይንዎ ሳይደክም የሚከተሉትን ይፈልጉ።

“አሁን ላለውና ወደፊት ለሚኖር ማንኛውም ዕዳ”፦ ይህ ሐረግ ካለ የዛሬውን ብድር ከፍለው ቢጨርሱም፣ በዚያው ባንክ ያለብዎት የክሬዲት ካርድ ዕዳ ወይም ለሌላ ሰው የገቡት ዋስትና ቤቱን ይዞ ሊያቆየው ይችላል። መያዣው ለአንድ የብድር ቁጥርና ለተወሰነ ጣሪያ ብቻ እንዲሆን ይጠይቁ። ከአንቀጾቹ ሁሉ ለድርድር ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው።

ሙሉው ዕዳ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅበት አንቀጽ፦ ስንት ክፍያ ሲያልፍ ነው? ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይደርሳል? ለማስተካከል ስንት ቀን ይሰጣል? አንዳንድ ውሎች ኢንሹራንስ ባለማደስ ወይም በሌላ ብድር ላይ በመዘግየት ጭምር ይህን አንቀጽ ያስነሳሉ።

የመዘግየት ቅጣት፦ የሚሰላው በዘገየው ክፍያ ላይ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ሁሉ ላይ? ቅጣቱ በዓመት 3 በመቶ ቢሆን፣ 9,964 የሆነ አንድ ክፍያ በአንድ ወር ሲዘገይ 25 ያስቀጣል። በ300,000 ላይ ከተሰላ ግን 750። ልዩነቱ ሠላሳ እጥፍ ሆኖ ሳለ ውሉ ላይ የሚለያቸው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ተጨማሪ መያዣ የመጠየቅ መብት፦ የንብረቱ ዋጋ ከወረደ አበዳሪው ሌላ መያዣ ወይም ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። በአክሲዮን ላይ በተያዘ ብድር ይህ በቀናት ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ካላሟሉ አክሲዮኑ ይሸጣል። ስለዚህ በአክሲዮን ላይ የሚበደር ሰው የተፈቀደለትን ጣሪያ ሁሉ አይውሰድ።

ቀድሞ የመክፈል ክፍያ፣ የወለድ መለዋወጫ መንገድ፣ ንብረቱን የማከራየትና የማደስ ገደብ፦ እነዚህ አጭር ናቸው፣ ያንብቡና ይለፉ። ቤቱን ሊያከራዩት ካሰቡ ግን የአበዳሪው ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ።

ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ላይ አይፈርሙ። መጠንና ቀን ያልተጻፈበት ቼክም ለመያዣነት አይስጡ።

8ኛ ደረጃ፦ ብድሩ በሚከፈልበት ጊዜ

ኢንሹራንሱ በስሙ ለንብረቱ ነው፣ ካሳው ግን እስከ ዕዳው መጠን ድረስ መጀመሪያ ለአበዳሪው ይከፈላል። ካልታደሰ አበዳሪው ራሱ አድሶ ወጪውን ዕዳው ላይ ሊጨምር ይችላል፤ እሱ የሚገዛው ኢንሹራንስ ደግሞ ርካሹን አይፈልግም። የማደሻውን ቀን ከአንድ ወር በፊት ማስታወሻ ያድርጉ።

በየዓመቱ የቀሪ ዕዳ መግለጫ ጠይቀው ከራስዎ ሰንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ። ተጨማሪ ገንዘብ ሲከፍሉ “ከዋናው ገንዘብ ላይ ይቀነስ” ብለው በጽሑፍ ይግለጹ፤ ካልገለጹ ለሚቀጥለው ወር እንደ ቅድመ ክፍያ ተይዞ ወለዱ ሳይቀንስ ሊቀር ይችላል።

9ኛ ደረጃ፦ መክፈል ካቃተ

ከመጀመሪያው የዘገየ ክፍያ በፊት ለአበዳሪው ይጻፉ። ያኔ ብዙ አማራጭ አለ፦ ጊዜ ማራዘም፣ ለጥቂት ወራት ወለድ ብቻ መክፈል፣ የእፎይታ ጊዜ፣ ውሉን እንደገና ማዋቀር። ሦስት ክፍያ ካለፈ በኋላ ጉዳዩ ከብድር ክፍሉ ወጥቶ ወደ ሕግ ክፍሉ ሊሄድ ይችላል፣ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ የመደራደር ሥልጣኑ ጠባብ ነው። ሲጽፉ ችግሩን ብቻ አይዘርዝሩ፤ ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ መክፈል እንደሚችሉ በቁጥር ያስቀምጡ።

የማይቀር ከሆነ በአበዳሪው ስምምነት ራስዎ ገዢ ፈልገው ይሽጡ። በሐራጅ የሚሆነውን እንይ። ቀሪው ዕዳ 650,000፣ የተጠራቀመ ወለድና ቅጣት 40,000፣ የሽያጭ ወጪ 30,000፣ በድምሩ 720,000። ቤቱ በሐራጅ 600,000 ቢሸጥ 120,000 ይጎድላል፤ ቤቱ ሄዶም ዕዳ ይቀራል ማለት ነው። በራስዎ ገዢ 900,000 ቢሸጥ ደግሞ፣ ወጪው ተመሳሳይ ቢሆን እንኳ፣ 180,000 ለእርስዎ ይተርፋል። ትርፉ የባለንብረቱ ነው፤ አበዳሪው ከሚገባው በላይ መውሰድ አይችልም። ጉድለቱን ከሌላ ንብረትዎ መጠየቅ ይችል እንደሆነ ግን በሕጉና በውሉ ይወሰናል፤ በአንዳንድ ቦታ የተወሰኑ የቤት ብድሮች ላይ አበዳሪው በቤቱ ብቻ እንዲወሰን ሕጉ ያስገድዳል።

ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚከፍለው ብዙ የሚደውልለትን ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚኖሩበትን ቤትና መተዳደሪያዎ የሆነውን መሣሪያ የያዘው ዕዳ፤ ቀጥሎ ዋስ ያለበት ዕዳ፤ ከዚያ ያለመያዣ ያለው። ያለመያዣ ያበደረው ተቆጥቶ ይደውላል እንጂ ነገ ቤት አያሸጥም። ያም ሆኖ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርስ ይቅረቡ፤ ባልቀረበ ሰው ላይ በሌለበት ይፈረዳል።

የክሬዲት ካርድ ዕዳን በቤት መያዣ በሚወሰድ ርካሽ ብድር መክፈል ብዙ ጊዜ እንደ መፍትሔ ይቀርባል። ወለዱ በእርግጥ ይቀንሳል። ነገር ግን ያለመያዣ የነበረው ዕዳ ቤት ላይ ይሰፈራል፣ በሁለት ዓመት የሚያልቀውም ወደ አሥር ሊለጠጥ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ካርዱን መዝጋት አለበት፤ ካልዘጋ ከዓመት በኋላ ሁለቱም ዕዳዎች አብረውት ይገኛሉ።

10ኛ ደረጃ፦ መያዣውን ማስለቀቅ

የመጨረሻው ክፍያ መያዣውን በራሱ አያነሳም። ክፍያው ከመድረሱ አንድ ወር በፊት እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የሚጸና የመዝጊያ ሂሳብ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በጥቂት ሳንቲም ምክንያት ሂሳቡ ክፍት ሆኖ ወለድ የሚያጠራቅምበት ጊዜ አለ። ከከፈሉ በኋላ ከዕዳ ነፃ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤና ለመዝጋቢው የሚጻፈውን የመያዣ ስረዛ ደብዳቤ ይቀበሉ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ስረዛውን ራስዎ ይዘው ወደ መዝገብ ቤቱ ይሂዱ፣ ከተመዘገበ በኋላም ንብረቱ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ አዲስ ማስረጃ ያውጡ። ዋናውን የባለቤትነት ሰነድ ሲረከቡ ገጽ በገጽ ይቁጠሩ። ዋስ ካለ የዋስትናው መቋረጥ ለእሱም በጽሑፍ ይድረሰው። የኢንሹራንስ ድርጅቱም አበዳሪውን ከካሳ ተቀባይነት እንዲያወጣ ያድርጉ፣ አለበለዚያ በቀጣይ ጉዳት ቢደርስ የካሳው ቼክ ዕዳው በተዘጋ ባንክ ስም ይወጣል።

የብድር መረጃ የሚያጠራቅም ተቋም ባለበት አገር ከአንድና ከሁለት ወር በኋላ መዝገብዎን አይተው ብድሩ “ተከፍሏል” ተብሎ መግባቱን ያረጋግጡ። ያልገባ ከሆነ ከዕዳ ነፃ ደብዳቤውን ቅጂ አያይዘው እንዲታረም ያመልክቱ።